ታምሜአለሁ ላለ ተሳፋሪ ማን ይከፍላል?

በወረርሽኝ ወቅት የመርከብ ሽርሽር የሚሄድ ሰው ለሁለት ደንቦች ይገዛል። አንዱ የጤና ደንብ ነው፤ መቼና በምን ዓይነት ምርመራ እንደሚያልፍ፣ ቫይረሱ ቢገኝበትም የት እንደሚቆይ ይወስናል። ሌላው የገንዘብ ደንብ ነው፤ ጉዞው ቢሰረዝ ወይም እሱ ራሱ ቢታገድ የከፈለው ይመለስለት እንደሆነ ይናገራል። የመጀመሪያውን የጤና መሥሪያ ቤቶች ያወጡታል፣ ሁለተኛውን የኩባንያ የሕግ ክፍሎች በትኬቱ ውል ውስጥ በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል። ከ2020 እስከ 2023 የሆነውን ስከታተል ግን፣ ሁለቱ ተለያይተው መጻፋቸው ራሱ ትልቅ ጉዳት እንዳደረሰ አምኛለሁ። ትኩሳት ይዞት እያለ ትኬቱ እንዳይቃጠልበት ሲል «ደህና ነኝ» ብሎ የሚፈርም ሰው አብረውት የሚሳፈሩትን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ የተመላሽ ገንዘብ ደንብ የጤና ደንብ ነው። ይህ ዳሰሳ በዚህ ዓይን የተጻፈ ነው፤ ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳይመንድ ፕሪንሰስ ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ከጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ስትነሣ ኮቪድ የሚለው ስም እንኳ ገና አልወጣም። ሆንግ ኮንግ ላይ የወረደ አንድ ተሳፋሪ ቫይረሱ እንዳለበት ፌብሩዋሪ 1 ቀን ታወቀ፤ መርከቧም በሦስተኛው ቀን 3,711 ሰው እንደያዘች ዮኮሃማ ተመልሳ ቆመች። የጃፓን መንግሥት መጀመሪያ ናሙና የወሰደው ከ273 ሰዎች ብቻ ነበር። ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ 31 ውጤቶች ውስጥ 10ሩ ቫይረሱን አሳዩ። ላቦራቶሪዎቹ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመርመር ስላልቻሉ ቅድሚያው ለታመሙት፣ ንክኪ ለነበራቸውና ለአረጋውያን ተሰጠ፤ ሌላው ተሳፋሪ በየክፍሉ ተዘግቶ ተራውን ጠበቀ። ሠራተኞቹ ግን ምግብ ማብሰላቸውንና ማመላለሳቸውን አላቋረጡም፤ ማታም የሚያድሩት በጋራ ክፍል ነበር። እስከ ፌብሩዋሪ 20 ድረስ 3,063 ምርመራ ተደርጎ በ634 ሰዎች ላይ ቫይረሱ ሲገኝ፣ ከእነዚህ 328ቱ ናሙና ሲሰጡ ምንም የሕመም ምልክት አልነበረባቸውም። ከዚያ በኋላ የወጡት የምርመራ ደንቦች ሁሉ ምክንያታቸው እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። ትኩሳት መለካት ብቻውን መርከብን እንደማይጠብቅ፣ ጤነኛ የሚመስለውም ሰው መመርመር እንዳለበት የታወቀው ያኔ ነው። በመጨረሻ የተያዙት 712 ደረሱ።

ፕሪንሰስ ክሩዝስ ለእነዚያ ተሳፋሪዎች ሙሉ የጉዞ ክፍያቸውን፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪያቸውን ጭምር መለሰ፤ ለሌላ ጊዜ ጉዞ የሚሆን ክሬዲትም ጨመረላቸው። ዓለም ሁሉ ለሚያያት አንዲት መርከብ ይህን ማድረግ ይቻላል። ከባዱ ጥያቄ መቶ መርከቦች በአንድ ሳምንት ሲቆሙ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነበር።

በዚያው ወር ዌስተርዳም የተባለችው መርከብ ጃፓን፣ ታይዋን፣ ፊሊፒንስ፣ ጉዋምና ታይላንድ በተራ ፊታቸውን አዙረውባት በባሕር ላይ ተንከራተተች። ፌብሩዋሪ 13 ቀን ወደ ሲሃኑክቪል ወደብ ያስገባቻት ካምቦዲያ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ውሳኔውን በይፋ አመስግነዋል፤ የዓለም አቀፉ የጤና ደንብ በቂ ማስረጃ ሳይኖር መርከብን ከወደብ መመለስን አይደግፍም። ብዙም ሳይቆይ ከመርከቧ ወርዳ ማሌዥያ በገባች አንዲት አሜሪካዊት ላይ ቫይረሱ ተገኘ ተባለና ካምቦዲያ የወቀሳ ናዳ ወረደባት። በኋላ የተደረጉት ተደጋጋሚ ምርመራዎች ግን ሴትዮዋ አለመያዟን አሳዩ። የተሳሳተ ውጤት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ማርች 2020 ላይ ዘገም ማለት ይገባል፤ የሁለቱ ደንቦች ግጭት ጎልቶ የወጣው በዚያ ወር ነውና። በካሊፎርኒያ ባሕር ላይ በቆመችው ግራንድ ፕሪንሰስ የምርመራ ዕቃ በሄሊኮፕተር ወረደ። ናሙና ከተወሰደባቸው 46 ሰዎች 21ዱ ቫይረሱ ተገኘባቸው፤ 19ኙ ሠራተኞች ነበሩ። በሌሎች ወደቦች ደግሞ መርከቦች ተሳፋሪ ማሳፈራቸውን ቀጥለው ነበር። ተሳፋሪው ከመግባቱ በፊት የጤና መጠይቅ ይሞላል፤ ትኩሳት አለብህ ወይ፣ ከታመመ ሰው ጋር ነበርክ ወይ፣ ከእነዚህ አገሮች መጥተሃል ወይ። «አዎ» ያለ ይመለሳል። በተለመደው ውል ግን ጉዞው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የሚሰርዝ ሰው ከከፈለው ውስጥ የሚመለስለት ጥቂት ነው፣ በመጨረሻዎቹ ቀናትም ምንም የለም። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እዚህ ግን ሰውን በሽታውን እንዲደብቅ የሚገፋው ውሉ ራሱ ነበር።

ኩባንያዎቹ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ሮያል ካሪቢያን ማርች 6 ቀን ተሳፋሪዎች ጉዞው 48 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ሰርዘው ሙሉ ክሬዲት እንዲወስዱ ፈቀደ፤ ሌሎችም ተከተሉት። መልካም እርምጃ ነበር፤ ይሁንና የሚሰጠው ክሬዲት እንጂ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። በሳምንቱ፣ ማርች 13፣ የአሜሪካ የክሩዝ ኩባንያዎች ጉዞ አቆሙ፤ በማግስቱ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በተለምዶ ሲዲሲ የሚባለው፣ መርከቦች ተሳፋሪ እንዳይጭኑ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ እየተራዘመ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ዘለቀ።

ያን ጊዜ ነው ጥያቄው ከምርመራ ወደ ገንዘብ የዞረው። ጉዞውን የሰረዘው ኩባንያው ስለሆነ ተሳፋሪው ሙሉ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ነበረው። ሮያል ካሪቢያንና ኖርዌጂያን ምርጫ ሰጡ፤ ወይ የከፈልከው ይመለስልህ፣ ወይ ከከፈልከው 125 በመቶ የሚያወጣ ክሬዲት ውሰድ። የሚያጓጓ ስጦታ ይመስላል። ነገር ግን ከኩባንያዎቹ በኩል ያለውን ሒሳብ ማየት ያስፈልጋል። ካርኒቫል በዚያ ሰሞን 4 ቢሊዮን ዶላር የተበደረው በ11.5 በመቶ ወለድ ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ ተሳፋሪው ገንዘቡን ትቶ ክሬዲት ሲወስድ፣ መርከቧ መቼ እንደምትነሣ ለማይታወቅ ኩባንያ ያለ መያዣ አበደረ ማለት ነው። ኩባንያው ቢከስር ክሬዲቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ጥሬ ገንዘቡን የመረጡት ደግሞ ቅጽ ሞልተው ወራት ጠበቁ፤ እስከ 90 ቀን ይፈጃል ብሎ በግልጽ ያስታወቀ ኩባንያም ነበር። ሥራ ባጣ ቤተሰብ ላይ 90 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለዚያ ዓመት ሰው መንገር አያስፈልግም።

አውሮፓም ከዚህ አላመለጠም። በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ ሕግ መሠረት አዘጋጁ ጉዞውን ከሰረዘ ገንዘቡን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ጣሊያንን ጨምሮ አንዳንድ መንግሥታት ግን ኩባንያዎችን ለማዳን ሲሉ ቫውቸር በቂ ነው የሚል አዋጅ አወጡ። የአውሮፓ ኮሚሽን ሜይ 13 ቀን 2020 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቫውቸር በተጓዡ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ጠየቀ፤ በኋላም በአንዳንዶቹ ላይ የሕግ ሒደት ጀመረ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት እልባት ያገኘው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በአውስትራሊያ የሆነው ከሁሉም መራራ ነበር። ሩቢ ፕሪንሰስ ማርች 19 ቀን 2020 ሲድኒ ስትገባ፣ ከመርከቧ የተወሰዱት ናሙናዎች ውጤት ሳይደርስ ከ2,600 በላይ ተሳፋሪዎች ወርደው ወደየቤታቸው ተበተኑ። ከዚያ ጉዞ ጋር የተያያዘው ሞት 28 ደረሰ። በብሬት ዎከር የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በኦገስት ባወጣው ሪፖርት የኒው ሳውዝ ዌልስ ጤና ባለሥልጣናት ከባድ ስሕተት መፈጸማቸውን ደመደመ። ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ ካልተጠበቀ፣ አለመመርመር ይሻል ነበር የሚያሰኝ ጥፋት ነው፤ ናሙናው መወሰዱ የሐሰት እርጋታ ሰጥቷልና።

ሲዲሲ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 10 ቀን 2020 ባሉት ወራት ውስጥ በመርከቦች ላይ 2,973 የኮቪድ ወይም ኮቪድ መሰል ሕመምተኞችንና 34 ሞትን መዝግቧል። ይህን ይዞ ወደ ባሕር መመለስ ቀላል አልነበረም፤ የ2020 ሁለተኛ አጋማሽ የሙከራ ጊዜ ሆነ። የኖርዌዩ ሁርቲሩተን ሩዋል አሙንድሰን የተባለችውን መርከቡን ያለ ጥብቅ ምርመራ አንቀሳቅሶ በኦገስት መጀመሪያ ወረርሽኝ ተነሣባትና ጉዞ አቋረጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤምኤስሲ ግራንዲዮሳ ከጄኖዋ በሌላ ዘዴ ተነሣች። ተሳፋሪው ሁሉ ወደቡ ላይ ፈጣን የአንቲጅን ምርመራ ያደርጋል፣ አጠራጣሪ ውጤት በፒሲአር ይጣራል፣ ከተማ መውረድም ኩባንያው ባዘጋጀው ጉብኝት ብቻ ነው። ከጉብኝቱ ተነጥሎ በራሱ መንገድ የሄደ አንድ ቤተሰብ ኔፕልስ ላይ ተመልሶ እንዳይሳፈር ተከለከለ። ብዙዎች ጭካኔ ነው አሉት። እኔ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ደንቡ አስቀድሞ ተነግሯል፣ ለሁሉም እኩል ነው።

ምርመራ ብቻውን ግን ግንብ አይሆንም። ከባርባዶስ የተነሣችው ሲድሪም 1 በኖቬምበር 2020 ጥቂት ደርዘን ተሳፋሪዎችን ከአገራቸው ሳይነሡም ወደቡ ላይም አስመርምራ ነበር፤ ቫይረሱ ግን አልፎ ገባ። በቅርቡ የተያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በምርመራ ላይታይ ይችላልና። በዲሴምበር ደግሞ ከሲንጋፖር ተነሥታ ወደዚያው ለመመለስ የወጣችው ኳንተም ኦፍ ዘ ሲስ በአንድ የ83 ዓመት ተሳፋሪ ላይ ቫይረስ ተገኘ ተብሎ ወደ 1,700 የሚጠጉ ተሳፋሪዎቿን ይዛ ጉዞዋን ሳትጨርስ ተመለሰች። ሰውየው በድጋሚ ሲመረመር ነፃ ሆነ። ከሁለቱ መርከቦች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ምርመራ በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። እንግዲያውስ የስሕተቱ ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ሲዲሲ ኦክቶበር 30 ቀን 2020 ክልከላውን አንሥቶ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የጉዞ ትእዛዝ አወጣ። መርከቦች በውስጣቸው የፒሲአር መመርመሪያ እንዲኖራቸው፣ ከወደቦች ጋርም ስለ ሕክምናና ለይቶ ማቆያ እንዲዋዋሉ ተገደዱ። ይሁን እንጂ ከአሜሪካ ወደብ ከፋይ ተሳፋሪ ይዛ የወጣችው የመጀመሪያዋ ትልቅ መርከብ ሰለብሪቲ ኤጅ እስከ ጁን 26 ቀን 2021 ጠበቀች። በመሀሉ ክትባት መጣ፣ ከክትባት ጋርም ሙግት መጣ። የፍሎሪዳ ግዛት ከደንበኛ የክትባት ማስረጃ መጠየቅን በሕግ ከለከለች፣ በእያንዳንዱ ጥሰትም 5,000 ዶላር ቅጣት ደነገገች፤ ሲዲሲን ከስሳም ጁን 18 ቀን 2021 የትእዛዙን ተፈጻሚነት በፍሎሪዳ ላይ የሚያግድ ውሳኔ አገኘች። ኖርዌጂያን በበኩሉ ግዛቷን ከስሶ በኦገስት ጊዜያዊ እግድ አወጣ።

በዚህ ግፊያ መሀል የምርመራው ሒሳብ ባለቤቱን ቀየረ። ዮኮሃማ ላይ የመረመረው መንግሥት ነው፤ ጄኖዋ ላይ ወጪውን የሸፈነው ኩባንያው ነው፤ ማያሚ ላይ ግን ያልተከተበ አዋቂ ተሳፋሪ ለሮያል ካሪቢያን 136 ዶላር የምርመራ ክፍያ ተጠየቀ። ከኦገስት 2021 ጀምሮም ከፍሎሪዳ የሚነሣ ያልተከተበ ሰው ቢያንስ 25,000 ዶላር ለሕክምና፣ 50,000 ዶላር ለለይቶ ማቆያና በሕክምና አውሮፕላን ለመመለስ የሚሸፍን ኢንሹራንስ እንዲያሳይ ተደረገ። የተከተበውም ቢሆን ጉዞው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው በራሱ ወጪ ተመርምሮ መምጣት ነበረበት።

ስለ ገንዘብ በዚያ ወቅት የወጡት ደንቦች፣ በእኔ ግምት፣ ከመላው ዘመን የተሻሉት ነበሩ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከጉዞው በፊት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው፣ ከእሱም ጋር የሚጓዙ ቤተሰቦቹ፣ ገንዘባቸው ወይም ክሬዲታቸው እንዲመለስላቸው፣ በጉዞው መሀል የተያዘም ላልተጠቀመባቸው ቀናት እንዲካስ ጻፉ። ታምሜአለሁ ማለት ለአጭር ጊዜ ኪሳራ መሆኑ ቀረ። ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነበር፤ በጊዜው ተመርምሮ ወረቀት ያላመጣ ሰው በብዙዎቹ ደንብ ከነገንዘቡ ይቀር ነበር። በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ሲመጣ በአሜሪካ የምርመራ ዕቃ ጠፋ፣ ሰልፉም ረዘመ። ቫይረሱ የተገኘበት ገንዘቡ ሲመለስለት፣ የሚመረምረው ያጣ ጤነኛ ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ደንብ ፍትሐዊ አይደለም።

ኢንሹራንሱም ቢሆን ብዙ ሰው እንዳሰበው አልሆነም። በርካታ የአሜሪካ መድን ሰጪዎች ኮቪድን ከጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ጀምሮ «አስቀድሞ የታወቀ ክስተት» ብለው ስለፈረጁት፣ ከዚያ በኋላ ፖሊሲ የገዛ ሰው በፍርሃት ቢሰርዝ አይከፈለውም። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝን የሚፈቅደው ውድ ፖሊሲ የሚመልሰው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ ነው፤ እሱንም ቀብድ ከተከፈለ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ መግዛት ያስፈልጋል።

ኦሚክሮን የምርመራ ደንቡን ከፍ አድርጎ አሳይቶ ወዲያው ጣለው። ሲዲሲ ከኖቬምበር 30 እስከ ዲሴምበር 14 ቀን 2021 ባሉት ቀናት 162 ሕመምተኞች ተነግረውት፣ በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ቁጥሩ ወደ 5,013 ሲወጣ፣ የተከተበም ቢሆን ማንም በመርከብ እንዳይሄድ ዲሴምበር 30 አስጠነቀቀ። ነገር ግን ትእዛዙ ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 አብቅቶ በፈቃደኝነት የሚከተሉት መርሐ ግብር ሆነ፤ ጁላይ 18 ቀን 2022 መርሐ ግብሩም ተዘጋ። ኖርዌጂያን ከኦክቶበር 4 ጀምሮ ምርመራንም፣ ክትባትንም፣ ማስክንም አንድ ላይ አነሣ። ሌሎቹም በዚያው ሰሞን ደንባቸውን አላሉ። ከምርመራ ደንቡ ጋር ግን ቫይረሱ ለተገኘበት ሰው የነበረው የገንዘብ ዋስትናም አብሮ እየተጠቀለለ ወጣ፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

በሌላ በኩል የኩባንያ ስረዛን የሚመለከተው ሕግ ያን ጊዜ ነው የጠነከረው። የአሜሪካ ፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን በኮሚሽነር ሉዊስ ሶላ መሪነት ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ባደረገው ማጣራት፣ ተመላሽ መቼ እንደሚገባ የሚናገር አንድ ወጥ ደንብ እንደሌለ አረጋገጠ። ከኤፕሪል 18 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ጉዞው ከተሰረዘ፣ ወይም ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ተሳፋሪው ካልፈለገው፣ ኩባንያው ሙሉ ገንዘቡን በ60 ቀን ውስጥ ይመልሳል። ደንቡ ከአሜሪካ ወደብ የሚነሡ፣ 50ና ከዚያ በላይ ተሳፋሪ የሚያሳድሩ መርከቦችን ይይዛል። አስፈላጊነቱ ሩቅ አልሄደም፤ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ክሪስታል ክሩዝስ ወድቆ፣ ክሪስታል ሲምፎኒ ባልተከፈለ የነዳጅ ዕዳ እንዳትያዝ ማያሚን ትታ ተሳፋሪዎቿን ወደ ባሃማስ ወስዳ ነበር። ቀብድ ከፍለው የሚጠባበቁት ደግሞ ገንዘባቸውን ፍለጋ ወደ አበዳሪዎች ሰልፍ ገቡ።

2023 የፍርድ ቤቶች ዓመት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጁን 8 ቀን «ተመላሽ» ማለት ጥሬ ገንዘብ ማለት ነው፣ ወረርሽኝም ቢሆን መንግሥታት ይህን ግዴታ ማገድ አይችሉም ብሎ ወሰነ። በኦክቶበር የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ካርኒቫል በሩቢ ፕሪንሰስ ጉዞ ቸልተኛ እንደነበረ አረጋገጠ። ለዋናዋ ከሳሽ የተፈረደላት ግን ለሕክምና ያወጣችው 4,423 የአውስትራሊያ ዶላር ከነወለዱ ብቻ ነው፤ ኩባንያው የትኬቱን ዋጋ አስቀድሞ መልሶ ስለነበር ለደረሰባት ቅሬታ ተጨማሪ ካሳ አላገኘችም። ትኬቱ ተመልሶ ጤናው ሳይመለስ ሲቀር ሒሳቡ ተዘጋ ማለት እንደሚከብድ ያችን ፍርድ ያነበበ ሁሉ ይረዳል። በዲሴምበር 6 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያችው መርከብ በአሜሪካ ውል የተሳፈሩት ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች የቡድን ክስ መብታቸውን የሚያስቀር አንቀጽ ኢፍትሐዊና ዋጋ የሌለው መሆኑን ወስኖ ከሌሎቹ ጋር እንዲከሱ ፈቀደ።

ስለዚህ ዛሬ ያለው ሚዛን ይህ ነው። ኩባንያው ከሰረዘ ከዋሽንግተንና ከሜሪላንድ ተነሥተው በባልቲሞር ወደብ የሚሳፈሩት ወገኖቻችን በ60 ቀን፣ በጀርመን ወይም በስዊድን ጥቅል ጉዞ የገዙት ደግሞ በ14 ቀን ገንዘባቸውን የመጠየቅ መብት በሕግ አላቸው። ተሳፋሪው ራሱ ታምሞ በሐቀኝነት ቢናገር ግን የአሜሪካው ማሪታይም ኮሚሽን ደንብ አይደርስለትም፤ ዕጣው በኩባንያው በጎ ፈቃድና በገዛው ኢንሹራንስ ላይ ነው። ቀጣዩ ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት ኮሚሽኑም ሆነ የአውሮፓ ሕግ አውጪዎች ይህን ክፍተት ሊዘጉት ይገባል፤ በሐኪም ማስረጃ ከጉዞ የቀረ ሰው ገንዘቡ መመለስ አለበት፣ ይህም በቀውስ ጊዜ የሚሰጥና በኋላ የሚነጠቅ ችሮታ መሆን የለበትም። እስከዚያው ቀብድ ለመክፈል የተዘጋጃችሁ አንባብያን፣ የውሉን ሁለት አንቀጾች ሳታነቡ አትፈርሙ፦ ከመሳፈሬ በፊት ብታመም ምን ይመለስልኛል የሚለውንና በጉዞ መሀል ከክፍሌ እንዳልወጣ ብታገድ፣ አገሬ እስክመለስ ያለውን ወጪ ማን ይከፍላል የሚለውን። መልሱ በጽሑፍ ከሌለ፣ ከፋዩ እናንተ ናችሁ።